ጮክ ተብሎ የተጠና ፊዚክስ

ዛሬ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤት በስልክ ሲለቀቅ፣ ዓባይ ማዶ ያለው ሰፈራችን ጭር አለ። ካላለፉት ልጆች አንዱ የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ቤታችንን የሚለየው አንድ ግድግዳ ነው። አመሻሹ ላይ አባቱ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ «በቃ! ሞከረ፣ አየነው። ጭንቅላቱ ለትምህርት አልተፈጠረም፤ ከሰኞ ጀምሮ ሥራ ይፈልግ» ሲል ሰማሁ። እኔም በሰው ቤት ምን አገባኝ ብዬ ምስሬን መልቀሜን ቀጠልሁ። እጄ ምስሩ ላይ ቢሆንም ሐሳቤ ግን ገበያው አጠገብ ወደነበረው የአባቴ ሱቅ ሄዶ ነበር።

አባቴ ሐጂ ሰይድ ከወረታ መጥተው ባሕር ዳር የከተሙ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። አቡጀዴ፣ ካኪ፣ ፖፕሊን ይሸጣሉ። ቁርኣናቸውን ጥንቅቅ አድርገው ተምረዋል፤ የአስኳላ ትምህርት ግን ደጃፉንም አልረገጡት። እኔ ለማትሪክ ስዘጋጅ አለበል የሚባል ልጅ ፊዚክስ አብረን እናጥና አለኝ። አለበል ከሐይቁ ዳር ገጠር መጥቶ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ አጎቱ ቤት ተጠግቶ የሚኖር ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ተፈትኖ ፊዚክስ ጥሎታል፤ ደግሞ ሊፈተን እኛ ክፍል እየመጣ የኋላ ወንበር ላይ ይቀመጣል። አጎቱ ቁርጡን ነግረውታል፦ ዘንድሮ ካለፈ አለፈ፣ ካላለፈ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ እርሻው።

እንግዲህ በዚያ ዘመን የሐጂ ልጅ ከወንድ ጋር ልታጠና ነው! እናቴ ገና ስትሰማ ደረቷን ደቃች። አባቴ ግን ጢማቸውን እያሻሹ ጥቂት አሰቡና ፈረዱ።

«ቤት ውስጥ አይሆንም፣ ሐይቅ ዳርም አይሆንም። ሱቅ ውስጥ፣ ከፊቴ ተቀምጣችሁ ታጠናላችሁ። ደግሞ ጮክ ብላችሁ! ድምፃችሁ ከጠፋ ጥናቱም ቀረ።»

እኛም ጣቃ ጨርቅ ላይ ተቀምጠን እንግሊዝኛውን ጮክ ብለን ማንበብ ጀመርን። አባቴ እያዳመጡ አንድ ሁለት ደንበኛ አስተናገዱና መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ይኼ ፊዚክስ ይሁን የፍቅር ወሬ እኔ በምን አውቃለሁ? በአማርኛ በሉት» አሉ። አለበል እስከ አንገቱ ቀላ። ከዚያ ቀን ወዲያ እያንዳንዷን ነገር በእንግሊዝኛ አንብበን፣ በአማርኛ ለአባቴ ማስረዳት ግዴታችን ሆነ። አልገባኝም ካሉ ደግሞ ወደሚቀጥለው ገጽ መሻገር የለም።

መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። እኔ ሸምዳጅ ነኝ፤ ሕጉን በቃሌ ይዤ ቁጥሩን መተካት ነው የማውቀው። አባቴ ግን ለሽምደዳ አይመቹም። «ያረፈ ነገር ማረፍ ይወዳል» ስላቸው «ይኼማ ሰነፍ ነው» ብለው አረፉ። አለበል ተነሣና አቧራ የጠጣ አቡጀዴ በር ላይ ወስዶ አራገፈ። «አዩ ሐጂ፣ ጨርቁ ሲሄድ አቧራው ባለበት መቅረት ፈለገ። ለዚህ ነው የሚለቀው።» አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ጨርቅ ሲያራግፉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጨርቁን ተቀብለው እንደገና አራገፉትና «ሱብሃን አላህ!» አሉ።

እየቆየ ደንበኛውም ገባበት። የማንጎ ወቅት ስለነበር ከመሸንቲ ለገበያ የሚመጣው ሁሉ ማንጎውን እየመጠጠ በር ላይ ይቆማል። አንዱ፣ «ግድግዳውን ብገፋው እሱም መልሶ ይገፋኛል ነው የምትሉት? ታዲያ ለምን ወደ ኋላ አልወድቅም?» ብሎ ተሟገተ። አለበል፣ «እግርዎ መሬቱን ስለያዘ ነው። መሬቱ የሚያዳልጥ ቢሆን እናይዎት ነበር» አለው። ሰውየው ካኪውን ሳይገዛ እየሳቀ ሄደ፤ አባቴ ግን አልተቀየሙም።

ከሁሉ የማልረሳው የጀልባውን ጥያቄ ነው። ከመጽሐፉ ላይ አንብቤ፣ «ጀልባ ከሥሩ ቢቀደድ ምን ይሆናል?» አልሁት።

«ምንም አይሆንም» አለ አለበል።

«ይሰጥማል እንጂ!»

«ለምን ይሰጥማል? ያልተቀደደ ታንኳ የት አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ በታንኳ ስሻገር መቀመጫዬ ደርቆ አያውቅም። ሰጥሜ ነበር?»

ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የሐይቅ ዳር ልጅ ጀልባ ሲባል የሚታየው ከደንገል ሣር ታስሮ የሚሠራ ታንኳ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ ውሃው ከሥሩ እየገባ፣ ሰው እየበሰበሰ የሚሄድበት ነው። ደንበኞቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ ከእኔ፣ ግማሹ ከእሱ ጋር። በዚህ መሐል አለበል ድንገት ዝም አለ። አባቴ ዝምታ ስለማይወዱ፣ «ድምፅ!» ብለው ጮኹ።

«ቆይ፣ ቆይ... ገባኝ!» አለ። «የመጽሐፉን የብረት ጀልባ የሚያንሳፍፈው ውስጡ ያለው ባዶ ቦታ ነው። ውሃ ሲገባበት ባዶው ይሞላና ይሰጥማል። የታንኳው ደንገል ግን ራሱ ከውሃ ይቀላል፤ ተቀደደ አልተቀደደ ምን ቸገረው!»

አባቴ ሜትራቸውን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። «እኔ ደግሞ ያ ሁሉ ብረት እንዴት እንደሚንሳፈፍ ሲገርመኝ ኖሬ! ይባርክህ» አሉት። በእውነት ለመናገር፣ ለእኔም የገባኝ ገና ያኔ ነው።

ፈተናው መጣ፣ ሄደ። ክረምቱ ሲያበቃ ውጤት ተለጠፈ፤ እኔ አለፍሁ፣ አለበልን እንደገና ፊዚክስ ጣለው። «ጥያቄው በእንግሊዝኛ ተጠማዞ ሲመጣ፣ የማውቀው ነገር ራሱ ባዕድ ሆነብኝ። እያሰብሁ ሰዓቱ አለቀ» አለኝ። እሱ አላለቀሰም፤ ያለቀስሁት እኔ ነኝ።

አባቴ ይህን ሲሰሙ ኮታቸውን ለበሱ፣ ሱቁን ዘጉ፣ እኔን አስከትለው ትምህርት ቤት ሄዱ። ርእሰ መምህሩ ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ «እንኳን ደስ አለዎት ሐጂ፣ ልጅዎ አልፋለች» አሏቸው።

«የእሷን ተዉት። የመጣሁት ለምስክርነት ነው። አለበል ፊዚክስ ያውቃል፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድሁ! ርእሰ መምህሩ ለመሳቅም ለመቆጣትም አልሆነላቸው። «ሐጂ፣ ወረቀቱን የሚያርመው አዲስ አበባ ያለ ማሽን ነው። እኔ ምን አቅም አለኝ?»

«ማሽኑ ልጁ ሲናገር ሰምቶታል?»

«አልሰማም።»

«እኔ ሰምቻለሁ» አሉና ወጡ።

ያበቃ መስሎኝ ነበር። አባቴ ግን በመንገዱ ዳር ዘንባባዎች ሥር ጭቃውን እየረገጡ በቀጥታ ወደ አለበል አጎት ቤት አመሩ። ስንደርስ የልጁ ጓዝ ተጠቅልሎ በር ላይ ተቀምጧል። አጎቱ በትሕትና ተቀበሉን፤ ፊታቸው ግን ቁርጥ ያለ ነበር። «ምን ላድርግ ሐጂ፣ ወረቀቱ ወድቋል ይላል።»

«የወደቀው እንግሊዝኛው ነው፤ ዕውቀቱ አልወደቀም። ከፊቴ ቁጭ ብሎ ሲናገር ሰንብቷል። ያልገባውን አልገባኝም ይላል፣ የገባውን ያስረዳል። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ ከእሱ ተምሬያለሁ። ይህን ልጅ ብንመልሰው ፈጣሪ ይጠይቀናል፤ አንተንም፣ እኔንም።»

አጎትየው የተጠቀለለውን ጓዝ አዩት። ከዚያ፣ «እርስዎ ከመሰከሩማ ምን እላለሁ?» ብለው ጓዙን በገዛ እጃቸው ወደ ቤት አስገቡት። አለበል ጓሮ ቆሞ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል፤ ያኔ ነው የተንሰቀሰቀው።

በዓመቱ ለጥቂት አለፈ። መንገድ ቀያሽ ሆነ፤ ልጆቹን ድሯል፣ ኑሮው ደህና ነው። እኔን አንዳንድ ጊዜ ቅናት ቢጤ ሽው ይለኝ ነበር፤ አባቴ ለእኔ መስክረው አያውቁም፣ ምስክርም አላስፈለገኝም ነበር። ዛሬ በሕይወት የሉም። በዚያን ዕለት አፍሬባቸው ነበር፤ የዛሬ ሰው ደግሞ ይሄ ምን ዓይነት ሥራ ነው ይል ይሆናል። ሕግ አይደለማ፣ ፈተና በሰው ምስክር አይታለፍም። እሳቸውም የለወጡት ውጤቱን አይደለም፤ የአንድ አጎት ልብ ነው።

ምስሩን ለቅሜ ስጨርስ የጎረቤቴ በረንዳ ፀጥ ብሏል። በጋውን ሙሉ ያ ልጅ ሲያጠና በግድግዳው በኩል ሰምቼዋለሁ። አንድ ቀን የኤሌክትሪክን ነገር ለታናሽ እህቱ በቧንቧ ውሃ እየመሰለ ሲያስረዳት፣ እሷም «እንዲህ ነው እንዴ?» ስትል ጆሮዬ ነው የሰማው። ስልኩ ይህን አልሰማም፤ አባቱም በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበር። ነገ ጠዋት ሻርፔን ጣል አድርጌ፣ አባቱ ከቤት ሳይወጣ በሩን አንኳኳለሁ። የሚሰማኝ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ምስክር ነኝ ብዬ ግን እገባለሁ።