የቲቸር ሚዙሪ ሠርግ

መካኒሳ አቦ ውስጥ «መምህር ክብረት የት ነው?» ያለ ሰው ሲንከራተት ይውላል። «ቲቸር ሚዙሪ» ያለ ግን እደጃፉ ድረስ ይሸኙታል። ታሪክ አስተማሪ ነው። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ አንዷ ትምህርት ስትደርስ ከረቫቱን ያጠብቅና የአሜሪካን ካርታ በጠመኔ ይስላል። በፈረንጆቹ 1820 አካባቢ ባርነትን የከለከሉት ግዛቶች ዐሥራ አንድ፣ የፈቀዱት ዐሥራ አንድ ነበሩ። ሚዙሪ የምትባል ግዛት ከነባርነቷ ወደ አገሪቱ ኅብረት ልግባ ስትል፣ እኩልነቱ ሊፈርስ ነው ተብሎ ሰሜኑና ደቡቡ ሊተላለቁ! በመጨረሻ ሜይን የምትባል ነፃ ግዛት አብራት እንድትገባ ተደረገና ለጊዜው በረደ። እዚህ ላይ ከስሜቱ ብዛት ጠመኔው ከእጁ ይወድቃል፤ ተማሪው ሁሉ ይህችን ደቂቃ ነው የሚጠብቀው።

ይህ ሰው በሃምሳ አራት ዓመቱ፣ በ1988፣ ፍቅር ጠልፎ ጣለው። ወይዘሮ ገዲሴ ከታች ሰፈር ወተት የምትሸጥ፣ ባሏ ከሞተ ዐሥር ዓመት ያለፋት፣ ሳቋ ሁለት አጥር የሚሻገር ሴት ናት። ቲቸር ወተት አይስማማውም። ቢሆንም ስድስት ወር ሙሉ ጧት ጧት አንድ ሊትር ሲገዛ ከረመ፤ ለድመቴ ነው ይላል። ድመት የለውም። የጎረቤት ድመቶች ግን በዚያ ሰሞን አጥር መዝለል እስኪያቅታቸው ወፈሩ።

ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆረጠ። ጣጣው የመጣው ከእድሩ ነው። ላይ ሰፈር ከየክፍለ ሀገሩ የመጣ ደሞዝተኛና ነጋዴ ነው፤ ታች ሰፈር የአገሩ ነባር ገበሬ። እድሩን ሲያቋቁሙ እኩል ሠላሳ ሠላሳ ቤት ሆነው ነው፤ አንዱ ሌላውን በድምፅ እንዳይበልጥ። ድንኳኑና ድስቱ ያለበት መጋዘን ላይም ሁለት ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ የአንዱ መክፈቻ በላይ ሰፈሩ አቶ አስረስ ኪስ፣ የሌላው በታች ሰፈሩ ኦቦ ቶሌራ ኪስ ይኖራል። ደንቡ «አንድ ቤት፣ አንድ ድምፅ» ይላል። የላይ ሰፈሩ ክብረትና የታች ሰፈሯ ገዲሴ ሲጋቡ ሁለት ቤት አንድ ሊሆን ነው። ታዲያ የማን ወገን ይጉደል?

በሆሳዕና፣ ሰው ሁሉ የዘንባባ ቀለበቱን እንዳጠለቀ፣ መጋዘኑ ደጃፍ ተሰበሰበ።

«ሚስት ወደ ባሏ ነው የምትሄደው። ከእንግዲህ የእኛ ናት» አሉ አቶ አስረስ።

«ላሞቿስ? እሱ ይውረድ እንጂ!» አሉ ኦቦ ቶሌራ።

ሁለቱም ኪሳቸውን ጨብጠው ተቀመጡ። ያለ ድንኳን ሠርግ! ቲቸር ቢጨንቀው ከረቫቱን አጥብቆ መጋዘኑ በር ላይ ካርታውን ይስል ጀመር።

«ወገኖቼ፣ ይሄ በሚዙሪ ደርሷል! ለሚጎድለው ወገን አንድ ሜይን እንፈልግለት!»

«ሜይን የማን ቤት ልጅ ነው?» ብለው ኦቦ ቶሌራ ከልባቸው ጠየቁ። ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ።

ገዲሴ ብቻ አልሳቀችም። ብድግ አለች።

«የእነዚያ ጠብ የሰው ልጅ እንደ ከብት ስለተሸጠ ነው። የእናንተ ስለ ድስት ነው። አታፍሩም? ደንቡን የጻፋችሁት እናንተ፤ እናንተው ሰርዙት። በአንድ ጣራ ሥር እናድራለን፤ ስብሰባ ሲሆን እሱ ከላዮቹ፣ እኔ ከታቾቹ ጋር ተቀምጠን የየራሳችንን ድምፅ እንሰጣለን። ካስፈለገም እዚሁ ፊታችሁ እጣላዋለሁ!»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ። እጃቸው እኩል ኪሳቸው ገባ፤ ቁልፎቹም ቀጭ ቀጭ አሉ። ለሠርጉ ሁለት ሳምንት ቢቀረውም፣ ሐሳባቸውን ሳይቀይሩ ተብሎ ድስቱ በዚያው ቅጽበት እየተንከባለለ ወጣ።

የሠርጉ ዕለት ቲቸር የላዮቹንም የታቾቹንም ጭፈራ እኩል አበላሸ። ትንፋሽ አጥሮት ከሙሽራዋ ጎን ሲቀመጥ ግን ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው?» አለችው።

«ገዲሴ፣ ያልነገርኩሽ አለ። ያ የሚዙሪ ስምምነት የቆየው ሠላሳ አራት ዓመት ብቻ ነው። ከዚያ ተሻረ፤ ኋላም ጦርነት ሆነ።»

ገዲሴ በጣቷ ቆጠረች። ከዚያ ሁለት አጥር የሚሻገረውን ሳቋን ለቀቀችው።

«ሰማኒያ ስምንት ዓመት እስኪሞላህ የእኔ ነህ ማለት ነው? እሰይ! ከዚያ በኋላ በምርኩዝ እንዋጋለን።»

ቲቸር ሚዙሪ አብሯት ሳቀ፤ በሳቁ መሃል እንባው መጣ። በሃያ ስምንት ዓመት ውስጥ ይህቺ ትምህርት እንዲህ የገባችው ተማሪ አላጋጠመውም ነበር።