አምስት ሳምንት የዘለቀ ጉንፋን

ወንድ መሆኔን ለባለቤቴ የነገርኩት ወጥ ቤት ውስጥ ነው። ይህን ስጽፍ እርግጠኛ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ የኖረው ባለቤቴ ግን፣ የሐበሻ ሱቆች በተደረደሩበት ፌርፋክስ ጎዳና ላይ በሁለት መኪኖች መካከል ለማቆም ወደ ኋላ እየነዳ ሳለ ነው የነገርከኝ ይላል። በዚያን ጊዜ ሚስቱ ነበርኩ፤ ቢያንስ እርሱም፣ ያጋቡን ሽማግሌዎችም፣ እኔም በአብዛኛው እንደዚያ ነበር የምናውቀው።

በእኔ ትዝታ፣ ወራት ሙሉ ሳበጥረው የከረምኩትን አንድ ዓረፍተ ነገር ረጋ ባለ ድምፅ ነው የተናገርኩት። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ሐረጎች ነበሩት፤ ሦስተኛው እስካሁን ያኮራኛል። በእርሱ ትዝታ፣ ያልኩት ሁሉ «እኔ ወንድ ነኝ፤ የመንገዱን ጠርዝ እንዳትነካው» የሚል ነው። በዩኒቨርሲቲ ታሪክ ያጠናሁ ሰው ነኝ፤ ምንጭን ከምንጭ ማመሳከር ተምሬአለሁ። በራሴ ሕይወት ላይ ግን ያሉኝ ምንጮች ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው እኔ ነኝ፣ የማይታመን፤ ሁለተኛው ባለቤቴ ነው፣ እርሱም በዚያች ደቂቃ የኋላ መስታወት እያየ ነበር።

የምንስማማው በሰጠው ምላሽ ብቻ ነው። «ቆይ፣ መጀመሪያ ፓርክ ላድርግ» አለ። ይህ ምላሽ ከወጥ ቤት ጋር እንደማይሄድ አውቃለሁ።

ፓርክ ካደረገ በኋላ ሞተሩን አጥፍቶ፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ብዙ ቆየ። ተሳፋሪ በማመላለስ የሚተዳደር ሰው ስለሆነ መሪ ሲይዝ ያስባል። ከዚያም፣ «ሦስት ወር ስጪኝ» አለኝ። «ሕክምናሽን ጀምሪ፣ አልከለክልሽም። ልቆይ ወይም ልሂድ፣ በሦስት ወሩ እነግርሻለሁ። እስከዚያ ለማንም አንናገርም፤ ኦኬ?»

«ኦኬ» አልኩ። ሦስት ሐረግ ያዘጋጀ ሰው፣ ለዚያ ጥያቄ የነበረው መልስ ይኸው ነበር። በዚያ ዓመት ያስፈራኝ የእኔ መለወጥ አልነበረም፤ ያስፈራኝ እርሱ ይሄድ ይሆን የሚለው ነበር።

ሐኪሜ ትከሻ ላይ የሚቀባ የወንድ ሆርሞን ጄል አዘዘችልኝ። እኔም፣ ትምህርቴ እንደሚያዝዘው፣ ማስታወሻ ደብተር ገዛሁና በየጧቱ የታየውን ለውጥ መመዝገብ ጀመርኩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ገጾች «ለውጥ፦ የለም» ከማለት ሌላ በማያውቅ ቃል አቀባይ የተጻፉ ይመስላሉ። በአራተኛው ሳምንት ለውጡ መጣ። ጢም ስጠብቅ ብጉር ሆኖ መጣ። አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ካልቨር ሲቲ ያለው ቢሮዬ ውስጥ ከኔ በአሥራ አምስት ዓመት የምታንስ ባልደረባዬ፣ በአዘኔታ ዓይን እያየችኝ የምትጠቀምበትን የፊት ሳሙና አካፈለችኝ። ከብጉሩ ቀጥሎ ረሃብ መጣ። ባለቤቴ ለምሳው የቋጠረውን ፍርፍር በቁሜ ጨርሼ፣ ዕቃውን አጥቤ ቦታው መለስኩት፤ እርሱም ለሥራ ሲወጣ ባዶ ዕቃ ይዞ ሄደ።

ድምፄ መውረድ የጀመረው በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ነው። እኔ ቤት ውስጥ አላስተዋልኩትም። ያስተዋለችው ፌርፋክስ ላይ እንጀራና ቅመም የምትሸጠው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ባለሱቅ ናት።

«ምን ሆነሽ ነው ድምፅሽ እንዲህ የተዘጋው?»

«ጉንፋን ነው፣ እትዬ።»

«ኤሲ ነው! ቢሮ ኤሲ ሥር አይደል የምትቀመጪው?»

«አዎ።» የቢሮዬ አየር ማቀዝቀዣ ከተበላሸ ቆይቶ ነበር። በአንድ ትንፋሽ ሁለት ውሸት።

እትዬ የተላጠ ዝንጅብል በከረጢት ሞልታ ከእንጀራው ላይ ጣለችልኝ፤ ልክፈል ብል ተቆጣች። በሚቀጥለው ሳምንት ነጭ ሽንኩርት ከማር ጋር በጠርሙስ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። በሚቀጥለው፣ እህቷ ከአገር ቤት የላከችላትን ደረቅ ዳማከሴ። የተሰጠን መድኃኒት አለመጠጣት ሰጪውን መናቅ ነው ተብዬ ነው ያደግኩት፤ ስለዚህ ሁሉንም ጠጣሁ። ጧት ድምፅ የሚያጎረንን ጄል እቀባለሁ፤ ማታ ያንኑ ድምፅ የሚያቀጥን ዝንጅብል እጠጣለሁ። ድምፄ የትኛውን እንደሚሰማ ግራ ሳይገባው አልቀረም፤ አንዳንዴ በአንድ ቃል ውስጥ ሁለት ጊዜ ይሰበር ነበር።

ጉንፋን ግን አምስት ሳምንት አይቆይም። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። እኛ ዘንድ ደግሞ የክፉ በሽታ ስም አይጠራም፤ በተለይ ለታማሚው አይነገርም። ሐኪም ቢናገር እንኳ ቤተ ዘመድ ቃሉን መንገድ ላይ ያስቀረዋል። ስለዚህ እኔን ማንም ምንም አልጠየቀኝም። የጠየቁት ባለቤቴን ነው።

የጠየቁት ጋሼ ናቸው፤ በሠርጋችን በእኔ አባት ቦታ የቆሙ፣ ጡረታ የወጡ ታክሲ ነጂ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ባለቤቴን ወደ መኪና ማቆሚያው ወሰድ አድርገው፣ በሹክሹክታ፣ «እሷ ራሷ ታውቃለች?» አሉት።

ባለቤቴ ምስጢራችን የወጣ መሰለው። «ከኔ በፊት ነው ያወቀችው፣ ጋሼ» አለ።

«እመቤቴ ድረሽ! አንተስ እንዴት ቻልከው?»

«እኔ እንጃ። ሦስት ወር ተባብለን ነበር። ሦስት ሳምንት ቀረው።»

ጋሼ አቅፈውት አለቀሱ።

ባለቤቴ ቤት ሲገባ ፊቱ በርቶ ነበር። «አውቀዋል! ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ግን አውቀዋል፤ አቀፉኝ እኮ! እሁድ ብዙ ሆነን እንመጣለን ብለዋል።» እኔም በወገኖቼ ላይ ለዓመታት በያዝኩት ግምት አፈርኩ። ኋላ ቀር ያልኳቸው ሰዎች ከእኔ ቀድመው ደርሰዋል! ማታውኑ የምስጋና ንግግር መጻፍ ጀመርኩ። «ውድ ወገኖቼ» ብሎ ይጀምራል። ደብተሩ አሁንም አለ፤ ከዚህ በላይ አልጠቅስም፣ ለራሴ ክብር ስል።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ፓልምስ ያለችውን አፓርትመንታችንን ደረጃ እያለከለኩ ወጡ። አሥራ አራት ነበሩ። ባለቤቴ ዘጠኝ ይላል፤ ወንበር የለመነው እርሱ ስለሆነ የእርሱ ቁጥር ሳይሻል አይቀርም። እኔ ለዕለቱ የተገዛ፣ አንገትጌው የደረቀ ሸሚዝ ለብሼ በሩ ላይ ቆሜአለሁ። አንድ በአንድ እያቀፉኝ ገቡ፤ ሲያቅፉኝ ጀርባዬን በስሱ ነበር የሚነኩት፣ እንደሚሰበር ዕቃ። ብርቱካን አመጡ፣ የካርቶን ጁስ አመጡ። እትዬ በትልቅ ፔርሙስ አጥሚት አመጣች። ጋሼ በለስላሳ ጠርሙስ ጠበል ይዘው መጡ። ምነው እንኳን ደስ አለሽ ለማለት ጠበል አስፈለገ ብዬ አላሰብኩም፤ ወይም አስቤ፣ ደስታዬን እንዳያበላሽብኝ ትቼዋለሁ።

ተቀመጡ። ስለ ፍሪዌይ መጨናነቅ አወሩ። ስለ ቤት ኪራይ አወሩ። ስለ እኔ ማንም አላወራም፤ ይህንን እንደ ጨዋነት ቆጠርኩት። አንዲት ሴት መታጠቢያ ቤት ገብታ ውሃ ከፍታ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። የደስታ እንባ ነው አልኩ። እኔ ግን እርቦኝ ነበር። አንድ ሳህን አጥሚት ጠጣሁ፤ ሁለተኛ አስቀዳሁ።

«አየሽ፣ አፒታይቷ አልተዘጋም» አለች አንዷ በሹክሹክታ።

«መጨረሻ ላይ እንደዚያ ነው፤ ይከፍተዋል» አለች ሌላዋ።

ከኋላ የተቀመጠች፣ እዚሁ ተወልዳ ያደገች ወጣት አገጬን ትክ ብላ ታየኝ ነበር። በዚያ ሰሞን አራት ፀጉሮች በቅለውልኝ ነበር፤ በደብተሬ «ጢም» ብዬ የመዘገብኳቸው። ልጅቱ ወደ እናቷ ጎንበስ ብላ፣ እንደ መሰላት በቀስታ፣ «ማሚ፣ የካንሰር ኬሞ ፀጉር ያረግፋል እንጂ ያበቅላል እንዴ?» አለች።

«ዝም በይ!»

ማንኪያው አፌ ውስጥ እንዳለ ሁሉም ነገር ገባኝ። ወደ ባለቤቴ ዞርኩ፤ እርሱም ወደ እኔ። ጋሼ ግን በዚያው ቅጽበት ተነሥተው ቆመው ነበር።

«ልጄ» አሉት ባለቤቴን፣ እኔን ሳያዩ፤ «እኛ ተመካክረናል። አየሩም፣ እናትም ያለው እዚያ ነው። አገሯ ትግባ። የሚያስፈልገውን እኛ እንጨርሳለን። አንተ ብቻ እሺ በልና ትሂድ።»

ባለቤቴ ከበሩ አጠገብ፣ ከጎረቤት በተለመነ በርጩማ ላይ ነበር የተቀመጠው። ሲነሣ በርጩማው ወደቀ።

«ማንም የትም አይሄድም፣ ጋሼ» አለ። «እዚሁ ነን።»

ከሦስት ወሩ ገና ሁለት ሳምንት ሊቀር፣ ይህን ቃል በዘጠኝ ወይም በአሥራ አራት ምስክር ፊት ተናገረ። ዝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ። እኔ ግን ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ተነሥቼ «ውድ ወገኖቼ» አልኩ፤ ድምፄ «ወገኖቼ» ላይ ለሁለት ተሰበረ። ስለ ማንነት፣ ስለ ዕውቀትና ስለ ጊዜ ተናገርኩ። ሦስተኛው ሐረግ ላይ ስደርስ ጋሼ ወደ ባለቤቴ ዞሩ።

«እሷ ምንድን ነው የምትለው?»

«አልታመመችም ነው፣ ጋሼ። ወንድ ነኝ ነው የምትለው። የምትቀባው መድኃኒት የዚያ ነው፣ ድምፁም የዚያ ነው። ጉንፋንም አልነበረም።»

አንድ ሙሉ ገጽ የፈጀብኝን በአራት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጨረሰው።  

መጀመሪያ የተናገረችው እትዬ ናት። «እና ዝንጅብሉስ?» አለች።

«ይቅርታ፣ እትዬ።»

«ዳማከሴዬን ጠጥተሽ! ስንት ሰው ለመነኝ፣ ለታመመ ነው ብዬ ከልክዬ!» ፔርሙሷን ዘግታ ብብቷ ሥር ወሸቀችው። ሌሎቹም ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ። መታጠቢያ ቤት ያለቀሰችው ሴት ሳመችኝ፤ አንዱ ሰውዬ ደግሞ ያመጣውን ብርቱካን ይዞ ይሂድ ወይስ ይተው ሲያመነታ ቆይቶ ግማሹን ተወ።

ጋሼ የመጨረሻው ነበሩ። «አንተ ታውቅ ነበር?» አሉት ባለቤቴን።

«አዎ።»

«እና?»

«እዚሁ ነን አልኩ እኮ።»

ባርኔጣቸውን አደረጉ። ከቤታችን ሳይመርቁ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ጠበሉ ጠረጴዛው ላይ ቀረ፤ ረስተውት ይሁን ትተውልን አላውቅም። ባለቤቴ ዞር ብለው አይተውታል ይላል። ከዚያ ቀን ወዲህ አልደወሉም። በዚህ ላይ ላሾፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬአለሁ፤ እስካሁን አልሆነልኝም።

ሳህኖቹን ሲያጥብ አጠገቡ ቆምኩ። «መልስህ ነው?» አልኩት።

«የቱ?»

«እዚሁ ነን ያልከው።»

«አድራሻችንን ነው የነገርኳቸው» አለ። «ሁለት ሳምንት አለኝ።»

ሁለቱ ሳምንታት አለፉ። ቀኑ ደረሰ፤ ከሥራ መጥቶ ቁልፉን ሳያስቀምጥ፣ አስቤበታለሁ አለኝ። «የምሄድበትን አፓርትመንት ሳስበው፣ እዚያም አለሽ። ሶፋው ላይ ቁጭ ብለሽ፣ እንደሱ አላልኩም እያልሽ ትከራከሪኛለሽ። ሶ፣ ሌላ ሦስት ወር ስጪኝ።»

ሰጠሁት። ከዚያ ወዲህ አራት ጊዜ አራዝመናል። እርሱ አምስት ይላል።

ባለፈው ክረምት ታመምኩ። እውነተኛ ጉንፋን፣ ከትኩሳት ጋር። ወራት ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ሱቅ ውስጥ ገባሁ። እትዬ ከመነጽሯ በላይ አየችኝ። በዚያን ጊዜ ጢሜ ከአራት ፀጉር አልፎ ነበር፤ ብዙም ባይሆን።

«ምን ሆነሃል?»

«ጉንፋን ነው፣ እትዬ።»

የያዘችውን እንጀራ አስቀመጠች። «አሁን ደግሞ ምን ልትሆን ነው?» አለች።

ከኋላዬ የተሰለፉት ሳቁ፤ እርሷ አልሳቀችም። ዝንጅብሉ በየትኛው መደርደሪያ እንዳለ በአገጯ አሳየችኝ፤ በዚህኛው ጊዜ ከፍዬ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ባለቤቴ ዝንጅብሉን ልጦ አፈላው። በዚያ ሳምንት ሦስት ወሩ ሞልቶ ነበር፤ እኔ በደብተሬ ምልክት አድርጌበት ነበር።

«ቀኑ አልፏል እኮ» አልኩት፣ በዚያ በተዘጋ ድምፄ።

«የቱ ቀን?» አለና ብርጭቆውን አቀበለኝ።