ከእርቅ በኋላ የተተኮሰ ጥይት

አፌን ብዘጋ ምን ነበረበት! ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ የማውቀውን ሁሉ ካልተናገርኩ የሚያፍነኝ ይመስለኝ ነበር።

አሜሪካ፣ ዱሉዝ ከተማ በነበረው አፓርታማችን ሳሎን ውስጥ ሦስት ሽማግሌዎች አባቴንና ታናሽ ወንድሙን ሊያስታርቁ ተቀምጠዋል። ሲመጡ ሦስተኛቸው ነው፤ ዛሬ ካልሆነ ዳግመኛ አንመጣም ብለዋል። የጠቡ መነሻ የአያቴ መርዶ ነው። አጎቴ እዚሁ ቅርባችን ማሪዬታ ከተማ ሆኖ የእናታቸውን ሞት በስልክ ሰማ፤ አባቴን ግን ሦስት ሳምንት ደበቀው። በነዚያ ሳምንታት አባቴ የሰው ሰርግ ላይ እስክስታ ወርዷል። የሰርጉን ቪዲዮ ካየ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የአጎቴን ስም የሚያነሳ ጠፋ።

አሁንም አባቴና አጎቴ መሬት መሬት ያያሉ። አንደኛው ሽማግሌ ጭንቅ ሲላቸው ወደ እኔ ዞሩ። ምግብ ጠረጴዛው ላይ ለነገ የታሪክ ፈተና እያጠናሁ ነበር።

«ምንድን ነው የምታጠኚው ልጄ?»

«አሜሪካና እንግሊዝ በ1812 ስለጀመሩት ጦርነት ነው» አልኳቸው። እዚህ ላይ ማቆም ነበረብኝ። «መልእክተኞቻቸው አውሮፓ ተገናኝተው የእርቁን ውል ፈረሙ። ወሬው ግን ወደ አሜሪካ በመርከብ ነው የሚመጣው። ሳይደርስ ኒው ኦርሊንስ ላይ ተዋጉ፤ ስንት ሰው አለቀ! ማንም ጥፋተኛ የለም እኮ፣ ወሬው ዘግይቶ ነው።»

የኔ ብልጥ! ማስታረቄ ነበር።

አባቴ ቀና አለ። «የነሱስ መርከብ ነው የዘገየው» አለ። «ከማሪዬታ እዚህ ስንት ደቂቃ ነው? እናቴ አፈር ለብሳ እኔ ትከሻዬን ስሰብቅ!»

የኔ እናት ከወጥ ቤት ብቅ ብላ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ። ሽማግሌው ኮታቸውን አንስተው ሊነሱ ዳዳቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይሄኔ አጎቴ ተናገረ።

«በነዚያ ሳምንታት ሦስት ቀን እዚህ ድረስ መጥቻለሁ ጋሼ። እታች ፓርክ አድርጌ መስኮታችሁን አያለሁ። መርዶ በአንድ ሰው አይነገር ብዬ ሰው ላሰባስብ ስል ሁሉም ሥራ ላይ ነው። ብቻዬን ደግሞ ደረጃውን መውጣት አቃተኝ። እዚያው መኪናው ውስጥ አልቅሼ እመለሳለሁ።»

አባቴ ወደ ወንድሙ ዞረ።

«ብቻህን?» አለ።

ተነስቶ ሄደና አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱ ወንድማማቾች እናታቸውን አብረው ያለቀሱት የዚያን ዕለት፣ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።