ክኒኑና ፊርማው

ከምሠራበት መድኃኒት ቤት ነጭ ጋዋኔን ሳላወልቅ ነው ፖሊሶች የወሰዱኝ። የእስር ክፍሉ በር ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለኝ የእርጥብ ብርድ ልብስ ሽታ ነበር። እስረኞቹ ባንድ በኩል ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። በወዲያኛው ጥግ አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን ተኝተው ይንቀጠቀጣሉ።

«አትጠጋቸው፣ ተላላፊ በሽታ ነው» አለኝ አንዱ።

ጠጋ ብዬ አየኋቸው። ላብ አጥምቋቸዋል፤ አፍንጫቸው ይፈሳል፤ የዓይናቸው ብሌን ሰፍቷል። እንዲህ ያለ ሕመም ሥራ ላይ አይቼ አውቃለሁ።

«ጋሼ፣ ምን መድኃኒት ይወስዱ ነበር?» አልኳቸው በጆሯቸው።

ወደ ሌሎቹ እስረኞች አየት አድርገው፣ «ትራማዶል። ለወገቤ ሕመም ማስታገሻ ነበር የጀመርኩት፤ ኋላ ያለሱ ከአልጋ መነሳት አቃተኝ። ለነሱ እንዳትነግርብኝ፣ ልጄ። አስተማሪ ነኝ» አሉኝ።

«ሰውነትዎ ለምዶት ነው። ይከብዳል፤ ግን ያልፋል።»

ለሌሎቹ በሽታው እንደማይጋባ ብቻ ነገርኳቸው። ስኳርና ጨው ተገኘ፤ በውኃ በጥብጬ በትንሽ በትንሹ አጠጣኋቸው። አትጠጋቸው ያለኝ ሰውዬ ራሱ እግራቸውን ያሽላቸው ጀመር።

በማግስቱ ለምርመራ ተጠሩ። ሲመለሱ የሆነውን በጆሮዬ ነገሩኝ። መርማሪው ሲታሰሩ ከኪሳቸው የተወሰደውን ክኒን ከነእሽጉ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «በጓደኞችህ ላይ የምስክርነት ቃል ፈርምና ውሰደው። እስከ ነገ አስብበት» ብሏቸዋል።

ቀኑን ሙሉ ከራሳቸው ጋር ሲታገሉ ዋሉ። ወደ ማታ፣ «ብፈርም ትንቀኛለህ?» አሉኝ።

«አልንቅዎትም። ሕመሙ ምን እንደሆነ አውቃለሁ» አልኳቸው። እውነቴን ነበር።

ጠዋት ስማቸው ሲጠራ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሱ። ፊታቸውን ታጠቡ። የሸሚዛቸውን ቁልፎች እስከ አንገታቸው ቆለፉ። ላግዛቸው እጄን ስዘረጋ፣ «ተው፣ እችላለሁ» አሉ።

ሲመለሱ ፊታቸው አመድ መስሏል። ተቀመጡና፣ «እጄ ስለሚንቀጠቀጥ እስክሪብቶ መያዝ አልችልም አልኩት» ብለው ሳቁ። ክፍሉ በሙሉ አብሯቸው ሳቀ። ከቀናት በኋላ ወደ ሌላ እስር ቤት ሲያዛውሯቸው ሕመሙ ለቋቸው፣ ማንም ሳይደግፋቸው ነበር የወጡት። ከዚያ ወዲህ አላየኋቸውም።

አሁን፣ ተፈትቼ ከተሰደድኩ ከዓመታት በኋላ፣ ቶተንሃም ውስጥ በአንዲት ትንሽ ፋርማሲ እሠራለሁ። ከሱስ ለመላቀቅ የሚታገሉ ሰዎች በየጠዋቱ እየመጡ በሱሱ ምትክ የሚታዘዝላቸውን መድኃኒት፣ ሜታዶናቸውን፣ እኔ ፊት ይጠጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛዬ መጠኑ እንደገና ስለተቀነሰላት ፈርታ መጣች።

«ካልቻልኩስ? እንቅልፍ ካጣሁስ?»

«ካልቻልሽ ክሊኒኩ ጋ ደውለን መጠኑን እንዲያዩልሽ እንጠይቃለን። ለኔ መንገር ብቻ ነው የሚጠበቅብሽ።»

ዛሬ ጠዋት ገና ከበሩ ስትገባ፣ ወረፋ የያዘው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ተኛሁ እኮ! ሌሊቱን ሙሉ ተኛሁ!» አለችኝ። ከኋላዋ ተራ ይጠብቁ የነበሩት አሮጊት የሳል ሽሮፕ እንድሰጣቸው ሁለቴ መጠየቅ ነበረባቸው። ፈገግ ብዬ ቆሜ ቀርቼ ኖሯል።