አያቴ ስለ ኪሎ ሜትር ያወሩልኝ ምሽት

ልጅ ሳለሁ በኢታንግ አቅራቢያ፣ ባሮ ዳር፣ ከእናቴና ከአባቷ ከአያቴ ኡጁሉ ጋር እኖር ነበር። ያኔ በእኛ መንደር ርቀት በቁጥር አይነገርም። አንድ ቦታ ምን ያህል እንደሚርቅ የተጠየቀ ሰው ክንዱን ወደ ሰማይ አንስቶ፣ መንገደኛው እዚያ ሲደርስ ፀሐይዋ የምትሆንበትን ቦታ ያሳያል። ጠያቂውም በዚያ ይረዳል።

እናቴ ታማ በጭነት መኪና ወደ ጋምቤላ ሆስፒታል ስትወሰድ ሾፌሩን «ሩቅ ነው?» አልኩት። ክንዱን ወደ ምዕራብ ዘንበል አድርጎ አሳየኝና ሞተሩን አስነሳ። እኔ ግን ፀሐይዋ እዚያ ስትደርስ እናትህ ትመለሳለች ያለኝ መሰለኝ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ በበቆሎ ማሳችን ዳር ቁጭ ብዬ ሰማዩን አይ ነበር። ፀሐይዋ ያቺ ቦታ ትደርሳለች፣ ታልፋለች፤ መንገዱ ባዶ ነው። ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ሊመሽ ሲል ያ መኪና ያለ እናቴ ተመለሰ። ሾፌሩ አያቴን ደጃችን ወዳለው ማንጎ ዛፍ ሥር ወስዶ ዝቅ ባለ ድምፅ አነጋገራቸውና ሄደ። አያቴ እዚያው ብዙ ቆሙ። ከዚያ ለወባ ትንኝ የምናጨሰውን የበቆሎ አገዳ አቀጣጠሉ፣ ኩራዙን ለኮሱ፣ «ና፣ ቁጭ በል» አሉኝ።

ሌላ ጊዜ ተረታቸው የአዞና የጉማሬ ነበር። ያን ምሽት ግን በወጣትነታቸው መንገድ ሲሠራ የመለኪያ ሰንሰለት ይጎትቱ ስለነበር፣ ስለ ኪሎ ሜትር ከመሐንዲሶቹ የሰሙትን ያወሩልኝ ጀመር።

«ድሮ ፈረንጆችም አንዱ በክንዱ፣ አንዱ በእግሩ ይለካ ነበር» አሉ። «የአንዱ አገር ክንድ ከሌላው አይገጥምም። በመጨረሻ ፈረንሳዮች ምድርን ራሷን እንለካ አሉ፤ ከአናቷ እስከ ወገቧ። ያንን ደጋግመው ከፋፍለው አንዷን ቁራጭ ሜትር አሏት። ሜትር በግሪኮች ቋንቋ መለኪያ ነው። ኪሎም ከዚያው ቋንቋ ነው፣ ሺህ ማለት ነው። ሺህ ሜትር።»

«ገበያ ላይ ጨው የሚመዘንበት ኪሎስ?»

«እሱም ሺህ ግራም ነው። ሰው ስም ማሳጠር ይወዳል።» ጭሱን በእጃቸው ገፋ አደረጉ። «ሁለቱ መሐንዲሶች ግን በስሙ አይስማሙም። አንዱ መጀመሪያው ላይ ጫን ብሎ ‹ኪሎሚተር› ይላል። ሌላው መጀመሪያውን ውጦ ‹ሎ› ላይ ጫን ይላል፣ ‹ክሎምተር›። ምሳ በበሉ ቁጥር ክርክር ነው። እኛ ሰንሰለት ጎታቾች፣ እነዚህ እስኪስማሙ ሱዳን ደርሰን እንመለሳለን እንል ነበር።»

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ፍሙ አመድ እስኪለብስ ያለማቋረጥ አወሩ፤ ዝም ካሉ አንድ ነገር የሚመጣባቸው ይመስሉ ነበር።

«እናቴ ጋ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?» አልኩ።

እሳቱን ቆሰቆሱ። «ነገ አንዱን በእግርህ አሳይሃለሁ።»

ጠዋት ከቤታችን ተነስተን በጋምቤላ መንገድ ሄድን። መንገድ ሠሪዎች ቁጥር የጻፉበት ድንጋይ ጋ ስንደርስ «አንድ ይህን ያህል ነው» አሉ። ዞር ስል ከመንደራችን የሚታየው የማንጎው ጫፍ ብቻ ነበር።

«እናቴ ጋ እስክንደርስ እንሂድ» አልኳቸው።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ወደ ጉልበታቸው ሳቡኝ። «እናትህ ጋምቤላ የለችም፣ ልጄ። ሞታለች። ሾፌሩ ትናንት የነገረኝ ይህንን ነው።»

«የሄደችበትስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

አያቴ እጃቸውን አናቴ ላይ አኖሩ። ፀሐይዋ እስክትከር ተቀመጥን።

ትምህርት ቶሎ ትቼ ገበሬ ሆንኩ። ልጆቼ ዝምተኛ ይሉኛል፣ ቁጡ ነው ብለውም ይፈሩኛል። እኔ ግን ያን ምሽት አልረሳሁትም። አያቴ የመሐንዲሶቹን ክርክር ሲያጫውቱኝ የገዛ ልጃቸውን ሞት በሆዳቸው ይዘው ነበር። ለእኔ ሲሉ እናቴን አንድ ምሽት አቆዩልኝ።

ባለቤቴ ያረፈች ዕለት በትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ የምትሠራው ልጄ ደወለች። ስለ ዝናቡ ጠየቅኋት። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ምግቧ፣ ስለ መንገዱ ጠየቅኋት። ያን ያህል አውርቻት አላውቅም።

በመሃል አቋረጠችኝና «አባ» አለች፣ «ማን ሞቶ ነው?»