ማን አየ፣ የት ቆሞ አየ

ጋሼ ካሳው ቆቦ ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ሥነ ዜጋ ሲያስተምሩ በማንም ቀንተው አያውቁም፤ እሳቸው እንደሚሉት። በ2009 ዓ.ም. ሔራን የምትባል የኮምፒዩተር መምህርት ስትመጣ ግን ነገሩ ተገለባበጠ። ልጅቷ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ፌስቡክ ላይ የሚወጣውን እውነትና ውሸት እንዴት እንደሚለዩ ለልጆቹ ታስተምራለች። ክፍሏ ሞልቶ በመስኮት የሚያዳምጥም አለ። የጋሼ ካሳው የሥነ ዜጋ ክበብ ደግሞ አራት ልጅ ቀርቶታል፤ ከአራቱም አንዱ ከፀሐይ ለመጠለል የሚገባ ነው።

ትናንት መጥታ ልጆቼን ወሰደችብኝ እያሉ ለሚስታቸው ለወይዘሮ ጌጤ ያማርሩ ነበር። ወይዘሮዋ «ሄደው ያዳምጧት» ብለው ቢመክሯቸው ጋሼ ጭራሽ አኮረፉ። በሔራን ክፍል በር ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ልጆቹ ከውስጥ ሲስቁ ሲሰሙ እርር ድብን ይላሉ። አንድ ቀን እንኳ ስትሳሳት ባየሁ ብለው ስንቴ እንደተመኙ እግዜር ይቁጠረው።

መጋቢት ላይ፣ ከመውጫ ሰልፍ ትንሽ ቀደም ብሎ፣ በስልካቸው አንድ ፎቶ አዩ። ጎርፍ ቤት ይጠርጋል፤ ከሥሩ የተጻፈው ሆርማት ወንዝ ሞልቷልና ማንም እንዳይሻገር ይላል። ደጋው ላይ ደመና ነበር። ለልጆቹ መፍራታቸው እውነት ነው፤ ሔራንን መቅደማቸው ግን ይበልጥ ደስ አሰኛቸው። ሰልፉ ፊት ቆመው ስልኩን ከፍ አድርገው፣ ቤቱ ከወንዙ ማዶ የሆነ ልጅ ሁሉ እዚሁ ዘመድ ቤት እንዲያድር አዘዙ።

የስምንተኛ ክፍሏ ራህመት እጇን አወጣች። ቤቷ ማዶ ነው፤ እናቷም ታማ ተኝታለች።

«ጋሼ፣ ማን አየ? የት ቆሞ አየ? መቼ አየ?»

የጋሼ ካሳው ደም ፈላ። «ይህን ያስተማረችሽ እሷ ናት?»

«ኧረ እርስዎ ነዎት ጋሼ። አምስተኛ ክፍል እያለን።»

እውነቷን ነበር። የጋሼ ካሳው አባት የጎርፍ ዳኛ ነበሩ። ከደጋ የወረደውን ጎርፍ ወደ ማሳ ለመጥለፍ አገር ሁሉ ይወጣል፤ ከላይ በኩል ጎርፍ መጣ ብሎ የተጣራ ሰው ግን እነዚያን ሦስት ጥያቄዎች ካልመለሰ አባትየው የቦዩን አፍ አያስከፍቱም። ጋሼ ካሳው ይህን በየዓመቱ ለልጆች ይተርኩ ነበር። ዛሬ ቅናቱ አስረሳቸው።

ፎቶውን ቀረብ አድርገው አዩት። ከጎርፉ ዳር የኮኮናት ዛፍ ቆሟል። በራያ ምድር ኮኮናት ያየ ሰው የለም። ዘበኛው ከበደም ራቅ ብለው ቆመው ነበርና፣ ከምሳ በኋላ በእግራቸው ሲሻገሩ ውሃው ቁርጭምጭሚት እንኳ እንዳልደረሰ ተናገሩ።

ጋሼ ካሳው መሳሳታቸውን ተናግረው ሰልፉን በተኑ። ራህመትን ግን ጠሯት።

«ለዚያች መምህርትስ፣ ጥያቄዎቹ የማን እንደሆኑ ነግራችኋታል?»

«ራሷ ጠየቀችን እኮ። ሰሌዳ ላይ ጽፋዋለች።»

ልጆቹ ሲሄዱ ዓመቱን ሙሉ ፊታቸውን እያዞሩ ያለፉበት ክፍል ገቡ። ሦስቱ ጥያቄዎች ሰሌዳው አናት ላይ ተጽፈዋል፤ ከሥራቸው «ምንጭ፦ ጋሼ ካሳው» ይላል። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ቢሆንም የሔራን የእጅ ጽሑፍ ከእሳቸው ያምር ነበር፤ እሱም ትንሽ ቆጠቆጣቸው።