ጥላው የዞረ ዕለት

ደቃቅ በረዶ ፕላስቲክ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ሰሊጥ ሸራ ላይ ሲራገፍ ከሚሰማው ጋር አንድ ነው ብል የአገሬ ሰው አያምነኝም፣ ግን አንድ ነው። አይስላንድ ውስጥ፣ ከባሕር ጥግ በተለጠፈች ትንሽ ከተማ፣ ከዓሣ ፋብሪካው ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ ቡና ቤቱ በር ላይ የሕፃን ጋሪ ቆሞ አየሁ፣ በረዶው የጋሪውን ሽፋን ሽሽሽ እያለ ይመታዋል፣ እኔም መንገዱ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። በዚያ ብርድ የደረቀ የሰሊጥ ገለባ ሸተተኝ። ከዓመታት በፊት፣ መተማ ውስጥ፣ ከሽንፋ ወንዝ ወዲያ ያለው እርሻችን ላይ የቆምኩ መሰለኝ።

ክረምት ሲገባ አገራችን ጭቃና ትንኝ ብቻ ትሆን ነበር። ጥቁሩ መሬት እግር ይዞ አይለቅም፣ ወንዙ ይሞላል፣ ትራክተሩ እንደ በሬ ተኝቶ ይከርማል፣ እኛም እቤት ተዘግተን እንውላለን። ይሄ ለእኔ እስር ቤት ነበር። ከበሩ ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ በሩ ስል እናቴ «አንቺ ትርንጎ፣ መቀመጫሽ ላይ እሾህ በቅሏል እንዴ?» ትለኝ ነበር። ወንድሜ አዲሱ የተወለደው በአንዱ ክረምት መግቢያ ላይ ነው። እናቴ ከእኔ በኋላ ሁለት ልጆች በወባ ቀብራ ያገኘችው ስለሆነ፣ ሲተኛ እንኳ ትንፋሹን ለመስማት ጆሮዋን አፉ ላይ ታስጠጋ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ሲያባራ ሰሊጡ ይደርሳል። ሰሊጥ እንደ እኔው ትዕግሥት የለውም፣ ቆሞ ከደረቀ አፉን ከፍቶ ዘሩን መሬት ላይ ይበትናል፣ ስለዚህ ገና አረንጓዴ ሳለ ታጭዶ፣ በነዶ ታስሮ፣ ነዶው እርስ በርሱ ተደጋግፎ እንዲቆም ይደረጋል። ይህን ክምር እኛ ሂላ እንለዋለን። ሂላው በደረቀ ጊዜ ሸራ ተዘርግቶ ነዶው ሁሉ ይራገፋል፣ ያን ጊዜ ነፋስ ሳይቀድም ለመጨረስ አባቴ፣ እናቴ፣ ከደጋ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ሁሉም ይረባረባል። በቤቱ የሚቀር ሰው አልነበረም።

አዲሱ በተወለደ በአራተኛው ወር፣ ጥቅምት ላይ፣ የማራገፉ ቀን፣ እናቴ አዲሱን ከግራሩ ጥላ ሥር፣ ከሱዳን በመጣችው የገመድ አልጋ ላይ አስተኛችውና እጄን ይዛ ከአጠገቡ አስቀመጠችኝ። ስምንት ዓመቴ ነበር።

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትይ። ዝንቡን እሽ በይለት። እንደ ትልቅ ሰው አምኜሻለሁ።»

ይቺን የመጨረሻዋን ቃል ስሰማ ደረቴ ተነፋ። እናቴ በምንም ነገር አምናኝ አታውቅም፣ ውኃ እንኳ ስታስቀዳኝ እየተከተለች ታይ ነበር። ተቀመጥኩ፣ ዝንቡን እሽ አልኩ፣ እንደገና እሽ አልኩ። ከዚያ የመጀመሪያው ነዶ ተገልብጦ በዱላ ሲመታ ያ ድምፅ መጣ፣ ሽሽሽ፣ ዝናብ የሚዘንብ ይመስል። አንድ እፍኝ ብቻ ቅሜ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። አንዱ እፍኝ ሁለት ሆነ፣ ሠራተኞቹ ይቀልዱብኛል፣ እኔም ከሂላ ወደ ሂላ እየዘለልኩ እስቃለሁ፣ ምን ያህል እንደቆየሁ ዛሬም አላውቀውም።

ስመለስ አልጋዋ ባዶ ነበረች። ጥላው ዞሮ ሌላ ቦታ ወድቋል፣ ፀሐይ ገመዱን እያቃጠለች ነው፣ ልጁ የለም። ጎንበስ ብዬ ከአልጋዋ ሥር ፈለግሁት። የጮኸችው እናቴ ናት፣ ከሩቅ ባዶውን አልጋ አይታ ነው የጮኸችው፣ ያን ጊዜ ዱላውም ነዶውም ተጣለና ሰው ሁሉ ወደ ጫካው፣ ወደ ወንዙ ይሮጥ ጀመር። ሸራውን የያዘው ስላልነበረ ነፋስ ጠርዙን ገለበጠው፣ የተራገፈው ሰሊጥ መሬት ላይ ተዘራ፣ ማንም ዞሮ አላየውም።

ልጁን ይዛው የተገኘችው የሠራተኞቹ ወጥ ቤት፣ የጎጃሟ እትዬ በላይነሽ ነበረች። ከምታበስልበት ዳስ ሥር አቅፋ፣ እሹሩሩ እያለች ታስተኛዋለች፣ ያ ሁሉ ጩኸት በእሷ ምክንያት መሆኑንም ገና ማወቋ ነው።

«ጥላው ዙሮ ፀሐይ ፊቱን ስትመታው አነሣሁት። ታዲያ ሕፃን ሲያለቅስ ባለቤቱ ማነው ብየ ልጠይቅ?» አለች።

እናቴ ልጁን ነጥቃ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። አባቴ የተበተነውን ሰሊጥ አንድ ጊዜ አየና «ተይው፣ ሰሊጥ ለከርሞም ይበቅላል» አላት። እኔ ዱላ እየጠበቅሁ ነበር። እናቴ ግን አልመታችኝም፣ አልሰደበችኝም፣ አዲሱን ጀርባዋ ላይ በነጠላ አስራ ወደ ሂላው ሄደች። ብትመታኝ በስንት ጣዕሙ።

በጋው መጣ፣ መጋቢትና ሚያዝያ አየሩ እንደ ምድጃ አፍ ሲነድ እንኳ ልጁ ከጀርባዋ አይወርድም ነበር። ከኋላ ከኋላዋ እየተከተልኩ «እማ፣ እስኪ ልያዘው» እላለሁ፣ እሷም ሳትቆጣ፣ በጣም ለስልሳ፣ «ተይው፣ እኔው እይዘዋለሁ» ትለኛለች። አዲሱ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ መልሷ ይኸው ነበር። ዛሬ አዲሱ ገለጉ ከተማ ትራክተር ይነዳል፣ ስልኩ ሲሠራ ያን ቀን እያነሣ ይስቅብኛል። እናቴ ግን ያን ነገር ሳታነሣብኝ አረፈች፣ እኔም ሳልጠይቃት።

እንግዲህ ያ ጋሪ ፊቴ ቆሟል። አይስላንዶች ሕፃን ውጭ ሲተኛ ይጠነክራል ብለው ያምናሉ፣ እናትየዋ ቡናዋን ትጠጣለች፣ ልጁ ሲያለቅስ ጋሪው ውስጥ ያለች ትንሽ መሣሪያ ድምፁን ውስጥ ድረስ ታደርስላታለች። መጀመሪያ ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ በዐይኔ አየሁ፣ ፊቴን አዙሬ ማለፍንም ተለማመድኩ። ያን ዕለት ግን ነፋሱ ዞሮ በረዶውን ከሽፋኑ ሥር አስገባውና ልጁ አለቀሰ፣ የማደርገውን ሳላውቅ አንሥቼው ካፖርቴ ውስጥ ከተትኩት። ከጣሪያው ክፈፍ ሥር ተጠግቼ እሹሩሩ አልኩት።

በሩ ተበርግዶ አንዲት ወጣት ሴት ወጣች። በዚያች መሣሪያ በማታውቀው ቋንቋ ሲዜም ሰምታ ነው። ባዶውን ጋሪ አየች። ፊቷ የእናቴ ፊት ሆነብኝ፣ ያው አመድ።

የተማርኩት ቋንቋ ሁሉ ከአፌ ጠፋ። በአማርኛ «ጥላው ዞሮ ነው» አልኳት፣ ከዚያም በእነሱ ቋንቋ እየተንተባተብኩ «ነፋሱ... ፊቱ ላይ» ብዬ ልጁን ሰጠኋት። የረጠበውን ትራስ ዳሰሰች፣ ልጁን አየች፣ እኔን አየች። ትንፋሿ ሲመለስ አዛውንቶቻቸው እንግዳ ሲያዩ የሚጠይቁትን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

እነሱም እንደኛው በአባት ስም ነው የሚጠሩት። «የዓለሙ» አልኳት፣ እንደምታውቀው ሁሉ። እሷም እንደምታውቀው ሁሉ ራሷን ነቀነቀች። ስሟ ሲግሩን ነው።

እኛ ዘንድ ልጅ ብቻውን ቢገኝ ያየው ሁሉ ያነሣዋል፣ እዚህ ደግሞ ማንም እንደማይነካው ስለሚያምኑ ይተዉታል። የትኛው እንደሚሻል አላውቅም፣ እኔ በሁለቱ መሐል ስቅበጠበጥ እኖራለሁ። አሁንም ከሥራ ስወጣ ጋሪው እዚያው በር ላይ ነው። ጀርባውን ለነፋሱ አዞርለትና አጠገቡ ትንሽ እቆማለሁ። ሲግሩን በመስኮቱ ታየኛለች፣ ልጇ አጠገብ መሆኔን ታያለች፣ እጇን ታነሣልኝና ወደ ቡናዋ ትመለሳለች። ከመቀመጫዋ አትነሣም።